የስኳር በሽታን በዕውቀት ስለ መግዛት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለብዙ ሕመም የሚስማማ ቢሆንም፥ ለስኳር በሽታ የበለጠ ይስማማል። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ይገባል፤ ለዓመታትም ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ዓይንን፥ ኩላሊትን ወይም እግርን ከጎዳ በኋላ ይገለጣል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባወጣው ግምት መሠረት፥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከስኳር በሽታ ጋር የሚኖሩት አዋቂዎች በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህም ከአሥሩ አራቱ ያህል በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር።

በዚህ ወር ጽሑፋችን ለአዳማ፥ ለቢሾፍቱ፥ ለሞጆ፥ ለወንጂ፥ ለመተሐራ፥ ለመቂ፥ ለባቱና ለሻሸመኔ አስተማሪዎችና ማንበብ ለሚችሉ ነዋሪዎች ሁሉ ስለዚህ በሽታ ጥቂት ትምህርት ማቅረብ ወደድን። ምክንያታችንም በቀላል ሒሳብ ይገለጣል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። አንድ ሕመምተኛ በየወሩ ወደ ሐኪም ዘንድ ሄዶ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ፥ በዓመት የሚያገኘው 6 ሰዓት ብቻ ነው። በቀሩት 8,754 ሰዓታት የሚበላውን የሚመርጠው፥ መድኃኒቱን የሚወስደው፥ እግሩን የሚመለከተው ራሱ ሕመምተኛው ነው፤ የሚረዱትም ቤተሰቡ፥ ጎረቤቱና አስተማሪው ናቸው። ስለዚህ የስኳር በሽታ በሐኪም ቤት ይታወቃል እንጂ፥ የሚገዛው በቤትና በመንደር ነው።

ሀ. በሽታው ምንድር ነው?

የምንበላው እንጀራ፥ ዳቦ፥ ድንችና ፍራፍሬ በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ወደ ስኳር ተለውጦ ከደም ጋር ይቀላቀላል። ይህ ስኳር ለሰውነታችን እንደ ማገዶ ነው። ነገር ግን ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋችን ክፍሎች እንዲገባ በር የሚከፍትለት ያስፈልገዋል። ይህን በር የሚከፍተው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሥራውን በሚገባ መሥራት ሲያቅተው ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሥጋችን ግን በማገዶ ክምር አጠገብ ተቀምጦ በብርድ እንደሚንቀጠቀጥ ሰው ይራባል።

በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይተዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይታያል፤ ሕክምናውም ዕድሜ ልክ በመርፌ የሚወሰድ ኢንሱሊን ነው። በሁለተኛው ዓይነት ኢንሱሊን አይጠፋም፤ ነገር ግን አይበቃም፥ ወይም ሰውነት አይታዘዝለትም። ይህ በብዛት አዋቂዎችን የሚይዝ ሲሆን፥ ከዘር፥ ከውፍረትና እንቅስቃሴ ከማነስ ጋር የተያያዘ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣም አለ፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ምርመራዋን ማቋረጥ አይገባትም።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። በሽታው በአማርኛ «የስኳር በሽታ»፥ በኦሮምኛም «ዱኩበ ሱካራ» ስለሚባል፥ ብዙ ሰው ስኳር የሚበላ ሁሉ የሚታመም፥ ስኳር የማይበላም የሚድን ይመስለዋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ የአካባቢያችን ሕዝብ ከሸንኮራ አገዳ ጋር ተላምዶ ይኖራል፤ ሆኖም ሸንኮራ መምጠጥ ብቻውን ይህን በሽታ አያመጣም። የአንደኛው ዓይነት በሽታ የያዘው ልጅ ከረሜላ ስለ በላ አልታመመም፤ እናቱም ልትወቀስ አይገባትም። በሌላ በኩል ደግሞ ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ በአንድ ማዕድ ሦስት እንጀራ የሚበላ ሕመምተኛ ከስኳር የራቀ ይመስለዋል እንጂ አልራቀም፤ እንጀራውም በሆዱ ውስጥ ስኳር ይሆናልና።

ለ. ትምህርት እንደ መድኃኒት

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በአንደኛው ዓይነት የተያዘ ልጅ ዕድሜው በወራት፥ ቢበዛም በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነበር። በ1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በጥር 1922) በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። መድኃኒቱን ለማግኘት የደከሙት ፍሬድሪክ ባንቲንግና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። የዓለም የስኳር ሕመም ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን የሚከበረውም የባንቲንግ የልደት ቀን ስለ ሆነ ነው።

መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ ግን ሌላ ችግር ታየ። ኢንሱሊን በየቀኑ በልክ የሚወሰድ እንጂ አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያድን አይደለም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የነበሩት ሐኪም ኤልየት ጆስሊን ይህን ቀድመው ተረድተው፥ ገና እ.ኤ.አ. በ1918 ለሕመምተኞች የሚሆን መማሪያ መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላም ሕመምተኞችን የሚያስተምሩ ነርሶችን አሠለጠኑ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ትምህርት ከአመጋገብ፥ ከእንቅስቃሴና ከመድኃኒት ጋር አንዱ የሕክምናው ክፍል ሆኖ ይቆጠራል።

በአገራችንም የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሥርቷል። በጎንደርና በጅማ ደግሞ ሕመምተኞች ለመድኃኒት ብለው ረጅም መንገድ በእግር ወደ ትልቁ ሆስፒታል መመላለሳቸውን የተመለከቱ ሐኪሞች፥ በአቅራቢያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶችን አሠልጥነው ክትትሉ በዚያው እንዲካሄድ አደረጉ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕውቀቱ ወደ ሕመምተኛው ከቀረበ ሕመምተኛው ከሕክምናው አይርቅም ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የጤና ትምህርትን እስከ ቤት ደጃፍ ለማድረስ የታሰበ ነው።

ትምህርት የታመመውን ብቻ ሳይሆን ለመታመም የቀረበውንም ይረዳል። በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2001፥ በአሜሪካም በ2002 የታተሙ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች እንዳሳዩት፥ የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ ሰዎች አመጋገባቸውን አስተካክለው፥ ክብደታቸውን በመጠኑ ቀንሰው፥ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል ሲንቀሳቀሱ፥ ወደ በሽታው የመግባታቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀንሷል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት 5 ቀን፥ በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ጧት ወደ ሥራ ሲሄዱ የባጃጁን መንገድ በእግር መሄድ ለዚህ ይበቃል።

ሐ. ምልክቶቹና ከወባ ጋር መምታታታቸው

ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ የውኃ ጥም መብዛት፥ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፥ እየበሉ መክሳት፥ ድካም፥ የዓይን ብዥታ፥ የቁስል ቶሎ አለመዳን። በእኛ አካባቢ ግን እነዚህን ምልክቶች የሚሸፍኑ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሙቀቱ ነው። በአዳማና በመተሐራ ፀሐይ ውስጥ ሁሉም ሰው ስለሚጠማ፥ የሕመምተኛው ጥም እንደ ልማድ ይታለፋል። ሆኖም በሙቀት የተጠማ ሰው ውኃው በላብ ስለሚወጣ ሽንቱ ያንሳል፤ የስኳር ሕመምተኛው ግን ብዙ ጠጥቶ ብዙ ይሸናል፤ ሌሊትም ደጋግሞ ይነሣል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ወባ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ልጅ ሲደክምና ሲያስመልስ በመጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ይህም ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኢንሱሊን ያጣ ልጅ ሰውነቱ ስብ ማቃጠል ይጀምርና ደሙ በአሲድ ይመረዛል። ይህ ልጅ ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ያመዋል፤ ይደክማል፤ ትንፋሹም ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፤ አፉ እንደ በሰለ ፍሬ ያለ ሽታ ይሸታል። ቶሎ ካልታከመ በጥቂት ቀን፥ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለወባ ደሙን የሚመረመር ሕመምተኛ፥ በተለይም ልጅ፥ ጥም፥ ሽንትና መክሳት ከነበረበት «ስኳሩም ይታይልን» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብትና ግዴታ ነው። ከጣት የምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ትበቃለች። ወባ ቢገኝበትም እንኳ የስኳሩ ምርመራ አይቅር፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉና።

የምርመራውን ቁጥር ማንበብ ማወቅም ይጠቅማል። ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበላ በተወሰደ ደም ውስጥ ስኳሩ በአንድ ዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው።

መ. በገበታ ላይ

ለስኳር ሕመምተኛ ልዩ ወጥ ቤት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ልክ ነው። ከሚበላው ምግብ እኩሌታው አትክልት፥ ሩቡ እንጀራ ወይም ዳቦ፥ ሩቡ ደግሞ ምስር፥ ሽሮ፥ ዓሣ፥ ዕንቁላል ወይም ጮማ የሌለው ሥጋ ቢሆን መልካም ነው። ጥቅል ጎመን፥ ቲማቲምና ሽንኩርት ከመቂና ከባቱ ማሳዎች፥ ዓሣም ከዝዋይ ሐይቅ ወደ ገበያችን ይመጣል። በአንድ ገበታ አብሮ መብላት መልካም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ልክን ያስረሳል። ስለዚህ የሕመምተኛው ድርሻ በፊቱ ተለይቶ ቢቀመጥ ከማዕዱ ሳይለይ ልኩን ያውቃል።

ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ እህል ቢሆንም፥ እንጀራው ከስኳር ነፃ አይደለም። ማርና ብርዝም እንዲሁ። ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ሳይታኘክ ቶሎ ወደ ደም የሚገባ ስኳር ስለ ሆነ በዘወትር ሊጠጣ አይገባም። አብሽና ሽፈራው መድኃኒት ናቸው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እንደ ምግብ ቢበሉ አንቃወምም፤ ነገር ግን በእነርሱ ተማምኖ ኢንሱሊንን ወይም ኪኒንን መተው ሕይወትን ለአደጋ ይሰጣል። ጠበል የሚጠመቅ ምእመንም መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ፤ ሁለቱን የሚያጣላ ነገር የለም።

ለጋባዦች የምንናገረው ቃል አለን። እንግዳን «በሞቴ፥ አፈር ስሆን» ብሎ ማጉረስ ፍቅርን መግለጫ ነው፤ ነገር ግን ለስኳር ሕመምተኛ ፍቅር የሚገለጠው «በቃኝ» ሲል በማመን ነው። ቡና ሲቀርብም ስኳሩ በሲኒው ውስጥ ተጨምሮ ሳይሆን ለብቻው ይቅረብ።

ጾምን በተመለከተ፥ ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ ኪኒን የሚወስድ ሰው እስከ ቀትር በኋላ ወይም እስከ ማታ ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ክርስቲያኑ ከነፍስ አባቱ፥ ሙስሊሙም ከሃይማኖት አስተማሪው ጋር ይማከር፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለና። ለመጾም የቆረጠ ግን ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊለወጥ ይገባዋልና።

ሠ. ኢንሱሊንና የአካባቢያችን ሙቀት

ኢንሱሊን ሙቀት ሲበዛበት ኃይሉን ያጣል። ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ግን ተበላሽቷልና ይጣል። የተከፈተው ጠርሙስ በቀዝቃዛ የቤት ጥላ ውስጥ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። በፀሐይ ላይ፥ በምድጃ አጠገብ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት እናቶቻችን ውኃ የሚያቀዘቅዙበትን የሸክላ ዕቃ መጠቀም ይችላል። በሰፊ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ይጨመርና በውኃ ይራሳል፤ በአሸዋው መካከል ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፤ ጠርሙሱ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይኖራል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ማሰሮው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ አሸዋውም ጧትና ማታ ይራስ። ውኃው በሸክላው ውስጥ እየሰረገ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ይቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ በሆነ ጊዜ ይህ በሚገባ ይሠራል፤ በክረምት እርጥበት ጊዜ ግን ኃይሉ ይቀንሳል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። በአንደኛው ዓይነት የተያዘ ሰው ምግብ አልበላ ሲለው ወይም ሲያስመልሰው «ስላልበላሁ ኢንሱሊን አልወስድም» ማለት የለበትም። በሕመም ጊዜ ስኳሩ ሳይበላም ይወጣል። ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ረ. እግርን ስለ መጠበቅ

ስኳሩ ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ከቆየ የእግር ነርቮች ይደነዝዛሉ። የደነዘዘ እግር እሾህ ሲወጋው፥ ጫማ ሲልጠው፥ ከሰል ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ ቁስሉም ሳይታወቅ መርቅዞ እግርን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ውድ መድኃኒት አይደለም። ማታ ማታ እግርን በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፥ በጣቶች መካከል ማድረቅ፤ ውስጥ እግርን በመስተዋት ወይም በልጅ ዓይን መመርመር፤ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፤ በቤትም ሆነ በደጅ በባዶ እግር አለመሄድ ነው። የውኃውን ሙቀት በእግር ሳይሆን በክርን ይለኩ። እግርን በእሳት አይሙቁ። ትንሽም ቁስል ብትሆን በዕለቱ ለጤና ባለሙያ ትታይ።

ሰ. የስኳር ማነስና የአስተማሪዎች ድርሻ

የደም ስኳር መውጣት በዝግታ ይጎዳል፤ መውረዱ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒት የወሰደ ሰው ምግብ ከዘገየበት ወይም ብዙ ከሠራ፥ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ይርበዋል፤ ንግግሩ ይወላገዳል፤ ጠባዩ ይለወጣል። በመንገድ ላይ የሚያየው ሰው ሰክሯል ብሎ ያልፈዋል፤ በክፍል ውስጥም አስተማሪው ተማሪውን ሰነፍ ወይም ባለጌ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

ርዳታው ይህ ነው። መዋጥ ከቻለ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፤ 15 ደቂቃ መጠበቅ፤ ካልተሻለው መድገም፤ ሲሻለው ምግብ መስጠት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመር፤ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። እነሆ፥ በሽታው በስሙ የሚጠራበት ስኳር በዚህ ሰዓት ነፍስ አዳኝ ይሆናል።

ስለዚህ አስተማሪዎች ሦስት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ፥ ተማሪው ደጋግሞ ለሽንት ፈቃድ ሲጠይቅና ሲከሳ ካዩ ከመቆጣት ይልቅ ወላጁን ጠርተው ምርመራ እንዲደረግለት ይምከሩ። ሁለተኛ፥ ሕመሙ ለታወቀበት ተማሪ በሰዓቱ እንዲበላና እንዲወጣ ይፍቀዱለት፤ ከስፖርት አያግዱት፤ በጓደኞቹም ፊት አያሳፍሩት። ሦስተኛ፥ በአስተማሪዎች ክፍል ጥቂት ስኳርና ንጹሕ ብርጭቆ ዘወትር ይኑር።

ትምህርቱን ስለ ማሰራጨት

በከተሞቻችን ዕድር የሌለው ሰፈር አይገኝም። ዕድር ሰው ሲሞት እንደሚሰበሰብ ሁሉ፥ ሰው እንዳይሞትም ሊማማርበት ይችላል። በየወሩ ስብሰባ ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ቢመደብ፥ በ4 ወር 4 ትምህርት ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ስለ ምልክቶቹና ስለ ምርመራ፥ ሁለተኛው ስለ ምግብ ልክ፥ ሦስተኛው ስለ እግርና ስለ መድኃኒት አያያዝ፥ አራተኛው ስለ ስኳር ማነስ ርዳታ ይሁን። ማንበብ የሚችል ያንብብ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ትጋበዝ፤ ትምህርቱም በአማርኛና በኦሮምኛ፥ ሰሚው በሚገባው ቋንቋ ይሰጥ። ከሁሉ ይልቅ ከበሽታው ጋር ለብዙ ዓመት በጤና የኖረ ሰው ቢናገር ይሰማል። እርሱ ሲናገር ሌላው በሽታውን መደበቅ ይተዋል።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. በሙቀት የተጠማን ሰው ከስኳር ሕመምተኛ በምን እንለየዋለን?
2. ለወባ የሚመረመር ልጅ ስኳሩም መታየት ያለበት መቼ ነው?
3. ሳይበላ በተወሰደ ደም 126 ሚሊግራም ቢገኝ ቀጥሎ ምን ይደረጋል?
4. ኢንሱሊን ያለ ማቀዝቀዣ እንዴት ይጠበቃል? የሸክላ ማሰሮ የሚያቀዘቅዘው ለምንድር ነው?
5. የስኳር ማነስ ለደረሰበትና መዋጥ ለሚችል ሰው ምን እናደርጋለን? ራሱን ለሳተውስ?
6. በሰፈርዎ ዕድር የመጀመሪያውን ትምህርት ማን ሊሰጥ ይችላል?